ሸራን ሳይበሱ ስለ ማሰር

ልጆች ሆይ፥ ሰው ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለልበት ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ጎጆ በሣር ይከደናል፤ ትልቁ ቤት በቆርቆሮ ይከደናል፤ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያስፈልገው ጥላ ግን በሸራ ወይም በጨርቅ ይበጃል። በሰርግ ቀን እንግዳ የሚቀመጥበት ድንኳን፥ በለቅሶ ቤት ደጅ የሚተከለው ድንኳን፥ በጥምቀት ዋዜማ ታቦት በውሃ ዳር የሚያድርበት ድንኳን፥ በአውድማ ላይ የእህል ክምር የሚሸፈንበት ሸራ፥ በገበያም ሻጭዋ ከራስዋ በላይ የምትዘረጋው ጨርቅ፥ ይህ ሁሉ ወገኑ አንድ ነው።

ሸራ ግን ብቻውን አይቆምም። ድንጋይ በክብደቱ ይቆማል፤ ዛፍ በሥሩ ይቆማል፤ ሸራ የሚቆመው በማሰሪያው ነው። ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ ነፋስ ይወስደዋል፤ አስተሳሰሩ ክፉ እንደ ሆነ ሸራው ራሱ ይቀደዳል። ስለዚህ ሸራን አሳምሮ ማሰር ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም ትልቅ ጥቅም ያለው ዕውቀት ነው።

ብዙ ሰው ሸራ ለማሰር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያደርገው መብሳት ነው። ወስፌ ወይም ሚስማር ያነሣና በሸራው ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ያበጃል፤ በቀዳዳውም ገመድ አግብቶ ይስባል። ይህ ሥራ ፈጥኖ ያልቃል፤ ለጊዜውም መልካም ይመስላል። ነገር ግን ቀዳዳ በአንድ ደቂቃ ይበጃል እንጂ በአንድ ደቂቃ አይጠፋም። እንግዲህ ዛሬ የምንማረው፥ ሸራን አንዲት ቀዳዳ እንኳ ሳያበጁበት አጥብቆ የማሰርን ዘዴ ነው።

ቀዳዳ ሸራን ስለ ምን ያጠፋዋል?

ጨርቅ የተሠራው ከድርና ከማግ ነው። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን በርዝመት ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ማጉን በመወርወሪያ እያሻገረ ከድሩ ጋር ያጣምረዋል። አንዱ ክር ብቻውን ቀጭን ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይበጥሰዋል። ብዙ ክሮች ግን ጎን ለጎን ሆነው በአንድነት ሲሳቡ ጉልበተኛ ሰው አይበጥሳቸውም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ይህን አስተውለው ነው።

ነፋስ ሸራውን በሚገፋው ጊዜ ክሮቹ ሁሉ ሸክሙን ተካፍለው ይይዛሉ። ወስፌ በገባበት ስፍራ ግን ከክሮቹ አንዳንዶቹ ተቈርጠዋል። የተቈረጠ ክር ሸክም አይችልም፤ የእርሱም ድርሻ ከቀዳዳው ጎን ወዳለው ክር ይተላለፋል። ያ ክር የራሱንና የጎረቤቱን ሸክም ተሸክሞ ጥቂት ይቈያል፤ ነፋስ በበረታ ጊዜ እርሱም ይበጠሳል። ያን ጊዜ ሸክሙ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ ሦስተኛውም ይበጠሳል። እንዲህ እያለ ባቄላ የምታህለው ቀዳዳ ስንዝር ታህላለች፤ ስንዝር የነበረችውም ክንድ ትሆናለች። ድርና ማግ የሌለው ስስ የፕላስቲክ መሸፈኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ስንጥቁ የሚነሣው ከቀዳዳው አፍ ነውና።

ዳግመኛም ቀዳዳ የውሃ በር ነው። ዝናብ በሸራው ላይ ሲወርድ ውሃው ቍልቍል ይሄድና ቀዳዳውን ሲያገኝ ይገባል። ስለዚህ በቀዳዳ የታሰረ ሸራ ሳይቀደድ ቢቈይ እንኳ ማፍሰሱ አይቀርም።

በፋብሪካ የተሠራ ሸራ ብዙ ጊዜ በጠርዙ ላይ የብረት ቀለበት ያለበት ቀዳዳ አለው። ይህስ ስለ ምን ይበረታል? ጠርዙ ታጥፎና ተቀምቅሞ ስለ ተሰፋ፥ ብረቱም የቀዳዳውን አፍ ዙሪያውን ጨብጦ ስለ ያዘ ነው። በወስፌ የተበሳው ግን እጥፍም ቅምቅማትም ብረትም የለውም። የብረቱም ቀለበት ቢሆን ከብዙ አገልግሎት በኋላ ተነቅሎ የሚወጣበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ዘዴውን የሚያውቅ ሰው አይጨነቅም፤ የማያውቅ ግን ወስፌውን ያነሣል።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት ብትወዱ ሁለት የአሮጌ ጨርቅ ቍራጭ ውሰዱ። ለሌላ ነገር የማይጠቅም ጨርቅ ይሁን፤ ለትምህርት ተብሎ ደኅና ልብስ ማበላሸት አይገባም። በመጀመሪያው ቍራጭ ጠርዝ አጠገብ ቀዳዳ አብጁና ሲባጎ አግብታችሁ በኃይል ሳቡ። በሁለተኛው ቍራጭ ውስጥ አንዲት ባቄላ አስቀምጡ፤ ጨርቁን በባቄላዋ ላይ ሰብስባችሁ አንገቱን በሲባጎ እሰሩና እንደ ፊተኛው አድርጋችሁ ሳቡ። የመጀመሪያው ተንጫጭቶ ሲቀደድ፥ ሁለተኛው ደግሞ በሳባችሁት መጠን ሲጠብቅ ታያላችሁ። የዛሬው ትምህርት ሁሉ በዚህች ባቄላ ውስጥ አለ።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም

ጨርቅን ሳይበሱ ማያያዝ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። በኦሪት ዘጸአት በ26ኛው ምዕራፍ እስራኤል በምድረ በዳ ስለ ሠሩት ድንኳን ተጽፎ እናገኛለን። የማደሪያው መጋረጆች 10 ነበሩ፤ የእያንዳንዱም ርዝመት 28 ክንድ ወርዱም 4 ክንድ ነበረ። አምስቱ በአንድ ወገን፥ አምስቱም በሌላ ወገን ከተጋጠሙ በኋላ ሁለቱን ወገን አንድ የሚያደርግ ነገር አስፈለገ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወገን ጠርዝ ላይ 50 ሰማያዊ ቀለበቶች ተደረጉ፤ እነዚህም በ50 የወርቅ መያዣዎች ተጋጠሙ። በላይ የሚዘረጋው የፍየል ጠጉር መጋረጃ ደግሞ 11 ነበረ፤ እርሱም እንደዚሁ በ50 ቀለበቶችና በ50 የናስ መያዣዎች ተያዘ። አስተውሉ፤ መያዣው የገባው በቀለበቱ ውስጥ እንጂ በመጋረጃው ገላ ውስጥ አይደለም። መጋረጃው ደኅና ሆኖ ሲቀር ድንኳኑ አንድ ሆነ። ድንኳኑም በጕዞ ጊዜ ይፈታ፥ በሰፈሩም ጊዜ እንደገና ይተከል ነበር።

ከዚያም በኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በቆሮንቶስ በነበረ ጊዜ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ሸራና ድንኳን መሥራት የተናቀ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እናውቃለን።

በአገራችንም ጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሥታት መቀመጫ ከመሆንዋ አስቀድሞ፥ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወሩ በድንኳን ይቀመጡ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል እንኳ በጥንት የንጉሥ ሠራዊት የሚሰፍርበት ስፍራ ማለት ነበረ።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የእናቶቻችን ቋጠሮ ነው። እናት ወደ ገበያ ስትሄድ ገንዘብዋን በነጠላዋ ጫፍ ወይም በመቀነትዋ ትቋጥራለች። ሳንቲሙን በጨርቁ ላይ ታስቀምጣለች፤ ጨርቁን ትሰበስባለች፤ አንገቱንም ታስራለች። ቀኑን ሙሉ ስትሄድ፥ ሸክም ስታነሣ፥ ከሰው ጋር ስትጋፋ ሳንቲሙ አይወድቅም፤ ነጠላውም አይበሳም። ማታ ቋጠሮውን ስትፈታ ጨርቁ ጥቂት ተጨማዶ ይገኛል እንጂ ምንም አልጐደለበትም። ሸራን ሳይበሱ ማሰር ማለት ይህንኑ የእናቶችን ቋጠሮ በሸራ ላይ መሥራት ነው።

የአስተሳሰሩ ሥርዓት

1ኛ. ድንጋይ ምረጡ። ከወንዝ ዳር የተለቀመ፥ ውሃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይ ከሁሉ ይሻላል። ለስስ ጨርቅ ሎሚ የሚያህል፥ ለወፍራም ሸራ የዶሮ እንቍላል የሚያህል ይሁን። ስለት ወይም ሹል ጫፍ ያለውን ድንጋይ ተዉት፤ ሸራውን ከውስጥ ይበሳዋልና። ልሙጥ ድንጋይ ያጣ ሰው የጨርቅ እራፊ አጥብቆ ጠቅልሎ እንደ ኳስ ቢያደርገው ይጠቅመዋል፤ ይልቁንም ለስስ ጨርቅ ከድንጋይ ይሻላል።

2ኛ. ድንጋዩን ከሸራው በታች አድርጉ። ከጠርዙም አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ጠርዙ ላይ ብታደርጉት ሲሳብ ሾልኮ ይወጣል። ከላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ብትቋጥሩት ደግሞ ቋጠሮው እንደ ከረጢት ሆኖ የዝናብ ውሃ ይጠራቀምበታል። ከታች የገባ ድንጋይ ግን ቋጠሮውን ወደ ሰማይ ያቆመዋል፤ ውሃውም በዙሪያው ወርዶ ይሄዳል።

3ኛ. ሸራውን በድንጋዩ ላይ ሰብስቡ። በአንድ እጃችሁ ድንጋዩን ከነሸራው ጨብጡ፤ በሁለተኛው እጃችሁ እጥፋቱን ዙሪያውን አስተካክሉ። እጥፋቱ በሁሉ ወገን ትክክል እንደ ሆነ ሸክሙ በክሮቹ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ በአንድ ወገን ብቻ የተሰበሰበ እንደ ሆነ ግን ያ ወገን ብቻውን ይደክማል።

4ኛ. አንገቱን እሰሩ። ገመዱን በአንገቱ ላይ አንድ ጊዜ አዙሩት፤ ሁለተኛውን ዙር በመጀመሪያው ላይ አሻግራችሁ አዙሩ፤ ጫፉንም ከተሻገረው ገመድ ሥር አግብታችሁ በሁለቱም ወገን ሳቡ። ይህ ቋጠሮ በተሳበ ቍጥር ይጠብቃል። የናይለን ገመድ ስለሚያዳልጥ ሦስተኛ ዙር ይጨመርለት።

5ኛ. የቀረውን ገመድ ወደ ካስማ ውሰዱ። በየማዕዘኑ አንድ ድንጋይ፥ በጠርዙም በየሁለት ክንዱ አንድ ድንጋይ ብታደርጉ ለመካከለኛ ሸራ ይበቃል። በጥቂት ስፍራ ብቻ የታሰረ ሸራ ሸክሙን ሁሉ በእነዚያ ጥቂቶች ላይ ይጥላል፤ ብዙዎች ሲይዙት ግን ለእያንዳንዱ ይቀልላል።

ይህ አስተሳሰር የሚጠብቀው ስለ ምን እንደ ሆነ አስተውሉ። ድንጋዩ ሰፊ ነው፥ አንገቱም ጠባብ ነው፤ ሰፊው በጠባቡ ሊያልፍ አይችልም። ነፋስ ሸራውን በሳበው መጠን ገመዱ አንገቱን ያንቀዋል፤ ስለዚህ ለቀዳዳ ጠላት የነበረው ነፋስ ለቋጠሮው ረዳት ይሆናል። ከክሮቹም አንድ እንኳ አልተቈረጠም።

ሸራው አስቀድሞ የተበሳ ወይም ቀለበቱ የተነቀለ ቢሆንስ? ቀዳዳውን ተዉት። ከቀዳዳው ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብላችሁ ድንጋዩን በደኅናው ሸራ ላይ ቋጥሩ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ በቋጠሮው ላይ ስለሚያርፍ ቀዳዳው ምንም አይሳብም፤ ያልተሳበ ቀዳዳም አይሰፋም።

ሌሎች ሁለት መንገዶች

የሸራው ጠርዝ ረጅም ሲሆንና ብዙ ድንጋይ ሳይገኝ ሲቀር በበትር መጠቀም ይቻላል። ቅርፊቱ የተላጠና እሾህና ጕጥ የሌለበት ቀጥ ያለ በትር ፈልጉ። የሸራውን ጠርዝ በበትሩ ላይ ሦስትና አራት ጊዜ ጠቅልሉት፤ ከዚያም ጥቅሉን በገመድ በየስፍራው አጥብቃችሁ እሰሩ። በትሩ ሸክሙን ከዳር እስከ ዳር ያካፍለዋል።

ሁለተኛው መንገድ ገመድን በሸራው ላይ ማሳለፍ ነው። ይህ ለእህል ክምርና ለጭድ ክምር ይስማማል። ሸራው ክምሩን ከሸፈነ በኋላ ገመድ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን በላዩ ይወረወራል፤ በገመዱም ሁለት ጫፍ ከባድ ድንጋይ ይንጠለጠላል። የሸራው ግርጌ ደግሞ ነፋስ እንዳይገባበት በአፈር በተሞላ ጆንያ ወይም በልሙጥ ድንጋይ ይጫናል። በዚህ ጊዜ ሸራው ምንም ነገር አልነካውም፤ ከላይ በመጫን ብቻ ተያዘ።

ስለ ካስማና ስለ ገመድ

ቋጠሮው ቢበረታ ካስማው ቢነቀል ድካሙ ከንቱ ነው። ካስማ ሲተከል ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ሹል ጫፉ ወደ ድንኳኑ ወገን ይግባ። ገመዱ ሲስበው ያን ጊዜ ወደ ምድር ይጸናል እንጂ አይነቀልም። ምድሩ ዐለት ሆኖ ካስማ ባይገባበት ገመዱን በትልቅ ድንጋይ ወይም አሸዋ በተሞላ ጆንያ ላይ እሰሩት።

ገመድም ጠባይ አለው። የቃጫና የጥጥ ገመድ ዝናብ ሲመታው ያጥራል፤ ባጠረም ጊዜ ካስማ እስኪነቅል ወይም ሸራ እስኪያስጨንቅ ድረስ ይስባል። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ጥቂት ማላላት ይገባል። የናይለን ገመድ ግን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ እርሱን ማጥበቅ ይገባል። ጠፍርም ሲርስ ይረዝማል፥ ሲደርቅ ያጥራል። የገመዱን ጠባይ የማያውቅ ሰው ማታ መልካም አድርጎ አስሮ ሌሊት ሲነቃ ሌላ ነገር ያገኛል።

ሸራው እጅግ የላላ አይሁን፤ እጅግም የተወጠረ አይሁን። የላላው በነፋስ ይርገበገባል፤ መርገብገብም ክሩን ያደክመዋል። ደግሞም በላላው ስፍራ ውሃ ይጠራቀማል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ በሸራው ጕድጓድ ውስጥ 20 ሊትር ቢጠራቀም በላዩ 20 ኪሎ ጭነት ተጫነ ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን ሸራው ወደ አንድ ወገን ቍልቍል ይበል፤ ወይም ከመካከሉ በታች ምሰሶ ይቁምለት። ምሰሶውም ሸራውን እንዳይበሳው በራሱ ላይ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩበት። ሸራውን ከዳር ሳይበሱ ከመካከል መብሳት ሞኝነት ነውና።

ሥራው ሲፈጸም ቋጠሮውን ፈትታችሁ ድንጋዩን አውጡ፤ ሸራውንም ሳይደርቅ አትጠፉት። ርጥብ ሆኖ የታጠፈ የጥጥ ሸራ ይሻግታል፥ ክሩም ይበሰብሳል። በሌላም ጊዜ ስታስሩ ድንጋዩን ከቀድሞው ስፍራ ጥቂት ፈቀቅ አድርጉት፤ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ የሚታሰር ሸራ በዚያ ስፍራ ፈጥኖ ያረጃልና።

የሦስት ጎረቤቶች ምሳሌ

አሁን ይህ ነገር ለልብ ምን እንደሚያስተምር በምሳሌ እንይ። በአንድ መንደር የሚኖሩ ሦስት ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሸራ ገዙ እንበል። በታኅሣሥ ወር እህል በአውድማ ላይ ሲከመር ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ እንዳያበላሸው፥ በተራ ሊሸፍኑበት ተስማሙ። ሦስተኛይቱ ባልዋ የሞተባት፥ ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች።

የመጀመሪያው ሰው ተራው በደረሰ ጊዜ ቸኰለ። ድንጋይ መልቀምና ማሰር ሰለቸውና በሸራው አራት ማዕዘን በሚስማር አራት ቀዳዳ አበጀ። በዚያ ሳምንት ዝናብም ነፋስም አልመጣም። እህሉን በደኅና ወቅቶ አስገባ፤ ሸራውንም አሳምሮ አጥፎ ለሁለተኛው ሰጠ። በሥራውም ምንም ክፋት አላየበትም።

ሁለተኛው ሰው ሸራውን ሲቀበል ቀዳዳዎቹን አገኘ። «ቀዳዳው ተበጅቶ ሳለ እኔ ስለ ምን እደክማለሁ?» ብሎ በእነዚያው ቀዳዳዎች አሰረ። ሌሊት ነፋስ ነፈሰ፤ ቀዳዳዎቹም ሰፉ፤ ነገር ግን ሸራው አልተቀደደም። እርሱም እህሉን አስገባና ሸራውን ለሦስተኛይቱ ሰጠ።

ሴቲቱ ጤፍዋን ሸፍና ወደ ቤትዋ ገባች። በእኩለ ሌሊት ውሽንፍር መጣ። ሸራው ከሰፋው ቀዳዳ ጀምሮ ተቀደደ፤ ከአንዱ ማዕዘን ሲለቅ ሸክሙ ወደ ሌሎቹ ሄደ፥ እነርሱም ለቀቁ። ሴቲቱ ከልጆችዋ ጋር በጨለማ ሮጣ በደረሰች ጊዜ ሸራው በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፥ ጤፉም ርሶ አገኘችው። የራሰ እህል ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል፥ ይበቅላልም፤ የዓመቱ ቀለብ ደግሞ ያ ነበር።

እንግዲህ ልጆች፥ የዚህችን ሴት እህል ያበላሸ ማን ነው? ዝናቡ ነው እንዳትሉ፤ ዝናብስ ሸራው ደኅና ቢሆን ወርዶ ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ሰው ነው እንዳትሉ፤ እርሱ ስንፍና አለበት፥ ነገር ግን ቀዳዳውን አላበጀም። ቀዳዳውን ያበጀው የመጀመሪያው ሰው ነው፤ እርሱ ግን በዚያ ሌሊት እህሉን ጐተራ አስገብቶ በሰላም ተኝቷል። ጥፋቱን በዓይኑ አላየም፤ ስለዚህ ጥፋተኛ መሆኑን አላወቀም። በጋራ ዕቃ ላይ የሚደረግ ክፋት ጠባዩ ይህ ነው፤ የሚያደርገው አንዱ ነው፥ የሚከፍለው ግን ከኋላ የሚመጣው ነው።

የመጀመሪያው ሰው አራት ድንጋይ ለመልቀም ምን ያህል ጊዜ ያስፈልገው ነበር? ቡና ተፈልቶ አንድ ሲኒ እስኪጠጣ ድረስ አይፈጅም። ያችን ጥቂት ጊዜ ለራሱ አተረፈ፤ በእርስዋም ምትክ የጎረቤቱን የዓመት ቀለብ ሰጠ። በምድር ላይ ከዚህ የከፋ ንግድ አይገኝም።

በዛሬው ዘመንም የዕድር ድንኳን እንዲሁ ነው። ዛሬ በአንዱ ቤት ደጅ ይተከላል፤ ነገ ተነቅሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ሐዘንተኛ ከድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ የዝናብ ጠብታ በራሱ ላይ ቢወርድ፥ ያ ጠብታ የወረደው ከእርሱ በፊት በነበረው ሰው ቸልታ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍም፥ የመንደር ምንጭም፥ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍም እንደዚሁ ናቸው። ከእኛ በፊት ሌሎች ተጠቅመውባቸዋል፤ ከእኛም በኋላ ሌሎች ይጠብቁአቸዋል።

ስለዚህ ልጆች፥ ወስፌውን ከማንሣታችሁ በፊት ድንጋዩን ፈልጉ። የያዛችሁት ዕቃ የራሳችሁ ቢሆን ረጅም ዘመን ያገለግላችኋል፤ የጋራ ቢሆን ከኋላችሁ ያለው ሰው ደኅናውን ይቀበላል። የእናቶቻችሁ ቋጠሮ ቀኑን ሙሉ አጥብቆ ይይዛል፤ ሲፈታም ነጠላው እንደ ነበረ ይገኛል። እናንተም በእጃችሁ የገባውን ሁሉ እንዲሁ ያዙት፤ አጥብቃችሁ ያዙ፥ ነገር ግን አትብሱ።

ጥያቄ

1. ወስፌ በገባበት ስፍራ ሸራ የሚቀደደው ስለ ምን ነው?
2. ድንጋዩ ከሸራው በታች የሚደረገው ስለ ምን ነው? ከላይ ቢደረግ ምን ይሆናል?
3. የቃጫ ገመድና የናይለን ገመድ በዝናብ ጊዜ የሚለያዩት በምንድር ነው?
4. ከሦስቱ ጎረቤቶች የሁለተኛው ሰው ጥፋት ምን ነበረ? እናንተ በእርሱ ስፍራ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
5. በትምህርት ቤታችሁ ካለው የጋራ ዕቃ አንዱን ስም ጥሩ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ደኅና ሆኖ እንዲቈይ ምን ማድረግ እንደሚገባም ተናገሩ።